ለእንጦጦ ዳገት የተቃኘች መኪና

ጋሽ ቱፋ መሞቱን የነገረኝ ሸጎሌ ያለው ጎሚስታ ነው። ጎማዬን እየለጠፈ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ያ ሞተር አዳማጩ ሰውዬ አረፈ አሉ፤ ሰማህ?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ጎማው እስኪያልቅ አልጠበቅኩም። መኪናዬን እዚያው በክሪክ ላይ ትቻት አዲሱ ገበያ ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

ድንኳኑ ሞልቷል። አንዱ ጥግ ቁጭ ብዬ የሰዉን ወሬ ማዳመጥ ጀመርኩ። «ታጋሽ ሰው ነበር» ይላል አንዱ። «ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ» ይላል ሌላው። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ደግሞ «ያሉትን የሚሰማ፣ የዋህ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ ተነስቼ እቃወም ነበር። ያሉትን የሚሰማ? ቱፋ? ነፍሱን ይማረውና ጋሽ ቱፋ ከሞተር በቀር የማንንም ቃል ሰምቶ አያውቅም። በዕድሜዬ እንደሱ ደሜን ያፈላው ሰው የለም፤ ሚስቴም ታውቃለች። እንደሱ አድርጎ ከልቤ ያልወጣ ሰውም የለም። ነገሩ ራሱ ያናድዳል።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ከአንድ አገሩ ከሚገባ ጣሊያን የገዛኋት ጥቁር መኪና ነበረችኝ። አሮጌ ናት። ኮፈኗ በግራና በቀኝ የሚከፈት፣ ከጎማዎቿ በላይ ያለው ፓራፋንጎ ሰው የሚያስተኛ፣ በጎን በኩል መርገጫ ያላት። በእሷ ሰርግ እሠራለሁ፣ እንግዳ አመላልሳለሁ፣ ቤተሰቤን አስተዳድራለሁ። ጉለሌ ውስጥ የእንደዚህ ያለችን መኪና እሳት የሚያስተካክል ደግሞ ከጋሽ ቱፋ ሌላ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ እግሬን አላነሳም ነበር።

እሳት ማስተካከል ማለት እንዲህ ነው። ቤንዚኑ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በደንብ ሲጨመቅ ካንዴላው እሳት መጫር አለበት። ከቀደመ ሞተሩ ውስጥ ውስጡን ይንኳኳል፤ ከዘገየ ጉልበት ያጣል። ሰዓቱን የሚይዘው እሳት አከፋፋዩ ዲስትሪቢውተር ውስጥ ያለው ፑንቲና የሚባል ትንሽ ብረት ነው። እሱ ሲከፈት ካንዴላው ይጭራል። ዲስትሪቢውተሩን በእጅ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ካዞሩት እሳቱ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሠርቶት ሻይ ይጠጣል።

ጋሽ ቱፋ ግን ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ሰፈሩን ዝም ያሰኛል። ጎረቤቱ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር፤ መዶሻውን ያስጥለዋል። አላፊ አግዳሚውን «ዝም በሉ፣ እየተናገረች ነው» ይላል። ቀጥሎ ሲጋራ ይጠይቃል። ራሱ አያጨስም። ሲጋራውን ተቀብሎ ትንባሆውን መሬት ላይ ያራግፍና ወረቀቱን ብቻ ይይዛል። ያቺን ስስ ወረቀት ፑንቲናው መሀል ይሰካትና ቀስ አድርጎ እየሳበ ሞተሩን ከፊት በሚሰካው የእጅ ማዞሪያ፣ በማኖቤላ፣ ጥቂት ጥቂት ያስዞራል። ወረቀቷ ለቀቅ ስትል ፑንቲናው ተከፈተ ማለት ነው። እስክትለቅ ድረስ በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ኮቱ» እያለ ይለማመጣታል፤ ነይ፣ ነይ ማለቱ ነው። የሰፈራችን ሰው ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል፤ እሱ ግን ለሰው አማርኛ፣ ለሞተር ኦሮምኛ ነበር የሚናገረው። ለሞተሩ የሚናገረው ይጣፍጣል። ለእኛ ግን ቁጣ ነው።

ሞተሩ ሲነሳ ረጅም ካቻቢቴ አንስቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። «ገና ናት» ይላል። ሁልጊዜ ገና ናት። ከዚያ ማንም የማያመልጠው ፈተና ይመጣል። የተሠራች መኪና በሙሉ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት መውጣት አለባት። እሱ ከጎን ይቀመጣል፤ አንድ የታወቀች ጠመዝማዛ አለችው፣ ባህር ዛፉ የሚደፋባት፤ እዚያ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ሳትንቀጠቀጥ ካለፈች አለፈች። ከተንቀጠቀጠች ተመልሰን እንወርዳለን፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ሌላ ሲጋራ ይጠፋል።

አንድ ጊዜ ሙሽራ ልጭን ተስማምቼ ፑንቲናዋን ብቻ እንዲያይልኝ ማለዳ ወሰድኳት። ሪባኑ እንኳ ታስሯል። «ጋሼ፣ ሙሽራ እየጠበቀኝ ነው» ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ። ሪባኗን እያውለበለበች እንጦጦን ስትወጣና ስትወርድ አረፈደች። የሚያየን ሁሉ በመንገድ ያጨበጭባል፤ ሙሽሮቹ እኔና ቱፋ መስለነው ይሆናል። ስደርስ ሙሽራው በሰው መኪና ሄዶ፣ አማቱ ደጅ ላይ ቆመው ነበር የሚጠብቁኝ። የሰደቡኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ማታ ለቱፋ ብነግረው፣ «ሙሽራው ያገባል፣ አያገባም?» አለኝ። አግብቷል አልኩት። «እንግዲያ ምን ያስጮህሃል?»

«እንጦጦን የወጣች መኪና የትም ትሄዳለች» ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር ደጋ ላይ ከሆነ ልክ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እሳቱ ቀደም ማለት አለበት፤ እሱም ያን ያህል ያስቀድመዋል፣ መኪናዋም ዳገቱን ትበላዋለች። ቆላ ሲወረድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ እሳቱ ያለ ሰዓቱ ይሆናል። ሞተሩ ድንጋይ ያለበት ጣሳ መስሎ ይንኳኳል። ይህን ሾፌር ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ጋሽ ቱፋ ብቻ ነበር፤ ከደብረ ዘይት ወዲያ ወርዶ አያውቅምና። ነግሮት የሚተርፍም አልነበረም። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አንድ ቀን ደፍሮ «ጋሽ ቱፋ፣ ቆላ ላይ ትንኳኳለች» ቢለው ዕቃውን ሰብስቦ ጀርባውን ሰጠው። ሰውየው ሲለማመጠው ሰነበተ።

ስለዚህ ሾፌሩ ሁሉ ዘዴ አበጀ። ቁልቁል የሚሄድ ሁሉ ናዝሬት ሲደርስ ይቆምና ዲስትሪቢውተሩን ፈታ አድርጎ ጥቂት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ በሚስማር ጫር አድርጎ ምልክት ይተዋል። ሲመለስ እዚያው ናዝሬት ላይ በምልክቱ ልክ ያስቀምጠውና ጉለሌ ሲገባ ንጹሕ ሰው ሆኖ ይገባል። ጋሽ ቱፋ ያዳምጥና «አየህ፣ ቆላ ደርሳ መጥታ ንቅንቅ አላለችም» ይላል። ሾፌሩም «እንዴታ ጋሼ» ይላል። ይህ ለዓመታት የኖረ ነገር ነው። እኔም አድርጌዋለሁ።

አንድ ቀን እናቴ ታመመች። እህቴ መተሃራ ነው የምትኖረው፤ ልትጠይቃት ወርዳ ወባ ያዛት። መልእክቱን ያመጣልኝ የጭነት ሾፌር ነው። ትኩሳቱ ራሷን እያሳታት ነው፣ እዚያ ያለው ድሬሰር አዲስ አበባ ሆስፒታል ካልደረሰች አልችልም ብሏል፣ ባቡሩ ደግሞ ትናንት አልፏል፣ ቶሎ ድረስ። መኪናዬ የት ናት? ጋሽ ቱፋ ጋ፣ ዲስትሪቢውተሯ ተፈቶ። ሞተሪኖዋም ተበላሽቶ ነበር፤ በማኖቤላ ነው የምትነሳው።

ሮጬ ሄጄ ነገርኩት። ወዲያው ገጠማት፤ እጁ ሲፈጥን ያኔ ነው ያየሁት። ገጥሞ ሲያበቃ ከጎን ገብቶ ተቀመጠና «በል ወደ እንጦጦ» አለኝ።

«ጋሼ፣ እናቴ እኮ ናት።»

«ለእናትህ ብዬ እኮ ነው። መንገድ ላይ ብትቆም ማን ይደርስላታል?»

ቆሽቴ እያረረ ወጣሁ። ጠመዝማዛዋን አለፈች፤ አንዴ ብቻ፣ እግዜር ይስጠው። ወርደን ደጁ ላይ ስደርስ እንዲወርድልኝ ቆምኩ። አልወረደም። «ማኖቤላ ማን ሊያዞርልህ ነው? ብቻህን አትሄድም» ብሎ ጋቢውን አስመጣ። ደግነት ነው፤ እንዴት ይካዳል? ግን ናዝሬት ላይ በየት በኩል ነው የምፈታው?

እስከ ናዝሬት መንገዱ መልካም ነበር። እሱ እንደ ሕፃን ግራ ቀኙን ያያል። ናዝሬት ላይ ውሃ ልጨምር ብዬ ቆምኩ። እሱም ወረደ፤ ሞተሩ አጠገብ ቆመና ንቅንቅ አልል አለኝ። ሻይ ጠጣ አልኩት፤ አልጠማኝም አለ። እስኪ ሽንት ቤት ደርሰህ ና አልኩት፤ ቤቴ ተጸዳድቼ ነው የወጣሁት አለ። ምን ላድርግ? ነዳሁ።

ቁልቁለቱ እንዳለቀ መንኳኳት ጀመረች። እሱ ጆሮውን ቀሰረ። «ቤንዚኑ ነው» አለ። ጥቂት እንደሄድን «አነዳድህ ነው» አለ። ደግሞ ጥቂት ቆይቶ «ፀሐዩ ነው» አለ። በመጨረሻ ራዲያተሩ ፈላ፣ ጉልበቷ አለቀ፣ ግራር ብቻ ባለበት ሜዳ ላይ ቀጥ አለች። ቀዝቅዛ በማኖቤላ ብንሞክር፣ እጀታው መልሶ እየመታን አልነሳ አለች። እሳቱ በጣም ስለቀደመ ነው፤ ለማንም ግልጽ ነው። ካቻቢቴውን ይዤ ወደ ዲስትሪቢውተሩ ስጠጋ እጄን ያዘኝ።

«እንዳትነካት። ልክ ናት።»

«ልክ አይደለችም፣ ጋሼ።»

«እንጦጦን የወጣች ሞተር ናት።»

ካንዴላ ነቅሎ ጠረገ። ገመዱን ሁሉ ፈትሾ መልሶ ሰካ። ካርቡራተሩን ከፈተ፣ በአፉ ነፋ፣ ዘጋ። ፀሐይ ከአናታችን ወደ ምዕራብ ዞረች። እሱ ሁሉንም ይነካል፤ ያቺን አንዲት ነገር ግን ወይ ፍንክች። እለምናለሁ፣ እቆጣለሁ፣ እንደገና እለምናለሁ። እናቴ እዚያ ማዶ በትኩሳት ትቃጠላለች፤ እኛ እዚህ ለእንጦጦ ክብር ቁጭ ብለናል። በመጨረሻ አልቻልኩም።

«የምትጠብቀን እናቴ ናት እንጂ እንጦጦ አይደለም» አልኩት። «ልንገርህ? የጉለሌ ሾፌር በሙሉ ናዝሬት ሲደርስ ያንተን ሥራ ፈትቶ ነው የሚያልፈው። ሲመለስ መልሶ ያስርልሃል። አንተን ፈርተው ነው ዝም ያሉህ።»

መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። ከዚያ ፊቴን አየ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አንተም?»

«እኔም።»

ሄዶ ግራር ሥር ተቀመጠና እጁን እያየ ቆየ። ይሳደባል ብዬ ጠበቅኩ፤ አለመሳደቡ ይብስ አበገነኝ። ኋላ ተነስቶ መጣ፣ «ሲጋራ አምጣ» አለኝ። ትንባሆውን አራገፈ፣ ወረቀቷን ሰካት፣ ዲስትሪቢውተሩን ፈታ አድርጎ ወደ ኋላ አዞረው። ኮቱ አላለም። አንድ ጊዜ ማኖቤላ ሳዞር ተነሳች፣ ጥርት ብላ። ልቧ የተመለሰ ሰው ነው የምትመስለው። ከዚያ እስከ መተሃራ ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

የደረስነው ሲመሽ ነው። በዚያ ጨለማ፣ ያለ ሞተሪኖ፣ በሽተኛ ይዞ መውጣት አይታሰብም። ስለዚህ አደርን። ያቺን ሌሊት አልረሳትም። እናቴ እኔን በሟቹ አባቴ ስም እየጠራች ትቃዣለች። በጊዜ ደርሰን ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ሆስፒታል ናት እያልኩ ጥርሴን ነከስኩ። ጋሽ ቱፋ ውጪ መኪናዋ ውስጥ ነበር ያደረው። ግባ ቢሉት አልገባም።

ጎህ ሲቀድ እናቴን ከኋላ እህቴ ጭን ላይ አስተኝተን ተነሳን። ጋሽ ቱፋ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን የከፈተው። «ከተነሳች በኋላ እንዳታቆማት። በዚህ ሙቀት ከቆመች አትነሳልንም» አለኝ። ልክ ነበር። ግን ዳገቱ ሲጀምር ሌላ ጣጣ መጣ። ለቆላ የዘገየው እሳት ለደጋው አልሆን አለ። ጉልበቷ እየሟሸሸ፣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች፣ በመጨረሻ ሰው በእግሩ የሚቀድማት ሆነች። ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ማቆም አይቻልም።

«ቀስ በል፣ ግን እንዳታቆም» አለና በሩን ከፈተ። ምን ሊያደርግ ነው ስል መርገጫው ላይ ወጣ። በአንድ እጁ መስኮቱን ይዞ በእሱ በኩል ያለውን ኮፈን ገልብጦ ከፈተው፤ ከዚያ ፓራፋንጎው ላይ በደረቱ ተኛ። ራሱን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ፣ ዲስትሪቢውተሩን ፈታ አደረገና ያዘው። ሞተሩ እየሠራ። ትንሽ ወደፊት ሲያዞረው ድምጿ ሲለወጥ ከመሪው ላይ ይሰማኛል፤ ጉልበት አገኘች። ከፍ ስንል ደግሞ ጨመረላት።

ዳገት በመጣ ቁጥር እዚያ ላይ ነው። ሜዳ ሲሆን ይገባል፤ ዳገት ሲመጣ ይወጣል። የካንዴላው ገመድ እሳት ሲመታው ክንዱ ይዘላል፤ መልሶ ይይዛል። የጭስ መውጫው ብረት ግሎ ከእጁ አጠገብ ነው፤ ሲነካው ፊቱ ሲኮማተር አያለሁ። አቧራው ጋቢውን አመድ አደረገው። አንዴ እናቴ ነቃ አለችና በመስኮቱ አየችው።

«ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እዚያ ላይ የተኛው?» አለችኝ።

«እያደረሰሽ ነው፣ እማዬ።»

«ይወድቃል እኮ። ግባ በለው።»

ግባ ቢባል የሚገባ ሰው መስሏት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ደጅ ደረስን። በቃሬዛ አስገቧት። ሐኪሙ ሲወጣ ጋሽ ቱፋም አጠገቤ ነበር። «ትናንት ነበር መድረስ የነበረባት። የምንችለውን እናደርጋለን» አለን። ጋሽ ቱፋ ሰማ። ዘወር ብሎ ሄደ፤ እጁ እንኳ እንዲታይለት አልጠየቀም። እናቴ በሕይወትና በሞት መካከል የቆየችባቸውን ቀናት ሁሉ ሆስፒታሉ አጥር ሥር ተቀምጦ አየው ነበር። አልጠጋሁትም። ብትሞትብኝ ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

አልሞተችም። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ሾርባ መጠጣት ጀመረች። ያን ዕለት እኔ አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ጋሽ ቱፋ ገባ፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ። እግሯ ሥር ቆመ። እኔን አላየኝም።

«እማማ፣ ያዘገየሁዎት እኔ ነኝ» አላት። «ልጅዎ ነግሮኝ ነበር። እንቢ ያልኩ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

እናቴ የተጠቀለለውን እጅ አየች። «ደረስኩ እኮ፣ ልጄ» አለችው። «ና፣ ቁጭ በል።» እሱም ቁጭ አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። አሁን ወደ እኔ ይዞራል፣ ለእኔም አንድ ቃል ይለኛል ብዬ። ያቺን ቃል ያን ቀን ብቻ አይደለም የፈለግኳት፤ ግራሩ ሥር ካየሁት ሰዓት ጀምሮ ነው። ዞረ። እንባውን በደህናው እጁ ጠረገና፣ «ሁለተኛ ማርሽ ላይ ብዙ ታቆያታለህ። ፍሪሲዮኑን ትጨርሰዋለህ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተለወጠ። መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ሾፌሩን «ወዴት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ቆላ ነኝ ካለው ለቆላ ያስተካክልለታል፣ እንጦጦም አያስወጣውም። ሾፌሩ ሁሉ ምን ነካው እያለ ይገረማል። ያን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አያውቅም፣ እሱም አልተናገረም። እናቴን እስክታርፍ ድረስ በየዓመት በዓሉ እየመጣ ይጠይቃት ነበር፣ አጠገቧ ተቀምጦ ይሳሳቃሉ። እኔ ስገባ ስለ ፍሪሲዮን ያነሳል።

ስንት ዘመን አብረን ስንኖር፣ አንድ ቀን «ጌታቸው፣ ያን ጊዜ ልክ ነበርክ» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩት። የታጠበ ልብስ ለብሶ ሳየው፣ ሲስቅ ሳየው፣ ዛሬ ይላል እላለሁ። አላለም። እኔም ባየሁት ቁጥር እየተናደድኩ፣ ሳላየው ከዋልኩ ደግሞ ደጁ ድረስ እየሄድኩ ኖርኩ። አሁን እሱ ሞተና ተገላገለ። እኔ ከማን ጋር ልጣላ?